ትንሿ ቪትዝ ላይ ባለ 16 ቸርኬ፦ ቤዛዊት ዳገት ላይ ምን ነካት?

ባለሰማያዊዋ (ባሕር ዳር፣ ቀበሌ 14)

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

መኪናዬ ሰማያዊ ያሪስ ናት። የ2002 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል፣ 1.0 ሞተር፣ ማንዋል። ሊብሬው ያሪስ ይላል እንጂ ሰፈሩ ሁሉ «ቪትዝ» ነው የሚላት። እኔም ለምጄዋለሁ። ሦስት ዓመት ስነዳት አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቀርታኝ አታውቅም።

ጥር ላይ የእህቴ ሠርግ ነበር። መኪናዋ ከአጃቢዎቹ አንዷ ስለነበረች ላሳምራት ብዬ ባለ 13 ኢንቹን የብረት ቸርኬ አውልቄ ባለ 16 ኢንች አሉሚኒየም አስገባሁ። የሚስቴ ወንድም ነው ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ገዝቶ የላከልኝ። ጎማው 195/50R16 ነው። የድሮው 155/80R13 ነበር። አምሮባታል፣ አልዋሽም። በዘንባባዎቹ መሃል ስናልፍ ሰው ከሙሽራዋ መኪና ይልቅ የኔዋን ያይ ነበር። እህቴ እስካሁን ታነሳብኛለች።

ጣጣው የመጣው ከሠርጉ በኋላ ነው። እሑድ ከሰዓት ልጆቹን ይዤ ቤዛዊት ኮረብታ እወጣለሁ። ከላይ ሆነው ዓባይን ያያሉ፣ ጉማሬ እንፈልጋለን፣ ብዙ ጊዜ ድንጋይ አይተን እንመለሳለን። ድሮ ያንን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ሳትጨነቅ ትወጣው ነበር። አሁን ግማሽ ላይ ስትደርስ ድምጿ ይወፍራል፣ ትንገጫገጫለች፣ ወደ አንደኛ ካልመለስኩ ቀጥ ትላለች። ልጄ «አባ፣ ደከማት እንዴ?» አለኝ።

ሌላም አለ። 30 ሊትር ቤንዚን ስሞላ 420 ኪሎ ሜትር ታስኬደኝ ነበር። አሁን በ378 አለቀብኝ። ሁለት ጊዜ ነው የለካሁት። በዚህ የነዳጅ ሰልፍ ላይ ይህ ሲጨመር ያማል። ደግሞ 80 ላይ መሪው ይንቀጠቀጣል። ባላንስ ሁለት ጊዜ አሠራሁ፣ ያው ነው። ኋላ ሰው ጭኜ መሪውን ሙሉ ለሙሉ ስጠመዝዝ ጎማው ውስጡን ይፈትጋል።

አንድ ጋራዥ «ፍሪሲዮንህ (ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘው) አልቋል» አለኝ። ሌላው ካንዴላ ቀየረልኝ። ብሬ ወጣ፣ መኪናዋ ግን ያው ናት። ቸርኬው ነው ወይስ ሞተሯ እያረጀች ነው?

የዳገት ጌታ

መጀመሪያ ፎቶ ለጥፍ። ያለ ፎቶ ምክር የለም።

ጋሽ ካምቢዮ

ልጄ፣ ፍሪሲዮንህን ማንም እንዳይነካው። ፍሪሲዮን ያለቀባት መኪና ዳገት ላይ ሞተሯ ይጮሃል፣ እሷ ግን አትሄድም። ያንተዋ ሞተሯ ራሱ ነው ድምፁ ወፍሮ የሚሞተው። ሁለቱ አይገናኙም። ይህንን መለየት ያቃተው ሰው መፍቻ ባይይዝ ይሻላል።

አሁን ጎማህ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እናንብብ። 155 ማለት የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 80 ማለት የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 80 በመቶ ነው፣ 124 ሚሊ ሜትር መጣ። 13 የቸርኬው ኢንች ነው። የላዩንና የታቹን ጎን ከቸርኬው ጋር ስትደምረው ጎማው ከመሬት እስከ አናቱ 578 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አዲሱን በዚያው መንገድ አስላው፣ 601 ነው። ቁመቱ 4 በመቶ ጨመረ።

አራት በመቶ ምን አላት አትበል። የባሕር ዳር ልጅ ስለሆንክ በብስክሌት ልንገርህ። ዳገት ላይ የኋላውን ትንሽ ጥርስ ይዘህ ስትረግጥ እግርህ ይከብዳል አይደል? አንድ ስትረግጥ ብዙ መንገድ ትሄዳለህ፣ ግን ኃይል ይጠይቅሃል። ትልቅ ጎማም እንደዚያው ነው። ካምቢዮህን፣ የማርሹን ሳጥን ማለቴ ነው፣ ማንም ሳይከፍተው ማርሾችህ ሁሉ ረዘሙ። ሁለተኛህ ድሮ የነበረው ሁለተኛ አይደለም።

ደግሞ የት እንዳለህ አትርሳ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ነች። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ያህል ያጣል። ያቺ ሞተር ከፋብሪካ 68 ፈረስ ጉልበት ይዛ ብትወጣም እዚህ ስትደርስ 56 ቢቀራት ነው። እሱም አዲስ ሆና ነው። ትርፍ ጉልበት ያላት መኪና ብትሆን አራቱን በመቶ ልብ አትለውም ነበር። የሌላት ላይ ስትቀንስ ነው የሚታየው።

80 ላይ የሚንቀጠቀጠው የብቻው ጉዳይ ነው። የቸርኬውን የመሃል ቀዳዳ ለካው። የያሪስ መሃል 54.1 ሚሊ ሜትር ነው። የገበያ ቸርኬ ግን ለብዙ ዓይነት መኪና እንዲሆን ሰፋ ተደርጎ ይሠራል። በመሃሉ የሚገባ ቀለበት አለ። ያ ከሌለ ቸርኬውን መሃል ላይ የሚያቆመው ዳዶው ብቻ ነው፣ ከመሃል ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ሊታሰር ይችላል። ባላንስ ማሽኑ ይህንን አያይልህም። እሱ መሃሉን በራሱ ኮን ይዞ ነው የሚያሽከረክረው።

አንድ የቤት ሥራ ልስጥህ። አንዱን 13 ከነጎማው፣ አንዱን 16 ከነጎማው ሚዛን ላይ አስቀምጥና ቁጥሩን አምጣ።

ባለሰማያዊዋ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉት ሰፈራችን ያለው ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ ወሰድኳቸው። ባለ ወፍጮው «ይሄንን ነው እንድፈጭልህ የምትፈልገው?» አለኝ፣ ወረፋ የያዙት እናቶች በሙሉ ሳቁ።

13ቱ 12 ኪሎ። 16ቱ 18 ኪሎ ተኩል። እኔ አሉሚኒየም ቀላል ነው ብዬ ነበር የገዛሁት!

የመሃል ቀዳዳውን በማስመሪያ ለካሁት፣ 73 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቀለበት የሚባል ነገር አልነበረም። የገጠመልኝ ሰውም አልነገረኝም።

ሒሳብ ወዳድ (ፖሊ አካባቢ)

ወንድሜ፣ አሉሚኒየም የሚቀለው በተመሳሳይ መጠን ሲወዳደር ነው። ቸርኬው ሲሰፋና ጎማው 155 የነበረው 195 ሲሆን ያ ቅለት ይበላል። ርካሽ ቸርኬ ደግሞ እንዳይሰበር ተብሎ ወፍራም ይደረጋል።

እኔ ሁለት ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው ክብደቱ ነው። በአንድ ጎማ ስድስት ኪሎ ተኩል፣ በአራት 26 ኪሎ። ይህ 26 ኪሎ ግን ኋላ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሻንጣ አይደለም። መኪናዋ ስትነሳ ወደ ፊት መግፋት ብቻ ሳይሆን ማሽከርከርም አለባት። ክብደቱ ከመሃል ወደ ዳር በራቀ ቁጥር ማሽከርከሩ ይብሳል፣ ጎማው ጠርዝ ላይ ያለ አንድ ኪሎ በመነሻ ጊዜ ሁለት ኪሎ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ ከመብራት በተነሳህ ቁጥር ግማሽ ኩንታል ጤፍ ለሚሆን ጭነት እየከፈልክ ነው በለው። ፍሬን ስትይዝም እንዲሁ፣ ያንኑ የሚሽከረከር ብረት ማቆም አለብህ። ፍሬንህ ደግሞ ያው የድሮው ነው። ከፊትህ ካለው ባጃጅ ትንሽ ራቅ ብለህ ንዳ።

ሁለተኛው ቤንዚኑ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ላጽናናህ። መኪናህ ኪሎ ሜትር የምትቆጥረው መንገዱን አይታ አይደለም፣ ጎማው ስንት ጊዜ እንደዞረ ቆጥራ ነው። ጎማው ሲያድግ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ይሄዳል፣ እሷ ግን በድሮው ሒሳብ ነው የምትመዘግበው። 378 ስትልህ በእውነቱ የሄድከው 393 ገደማ ነው። ስለዚህ ጠፋብኝ ካልከው 42 ኪሎ ሜትር ውስጥ 15ቱ አልጠፋም፣ ቆጣሪው ነው የዋሸህ። 27ቱ ግን ጠፍቷል። እሱን ክብደቱ፣ የጎማው ስፋትና አንተ ዳገት ላይ በአንደኛ የምትረግጠው ነዳጅ ተካፍለውታል።

ፍጥነትህም እንዲሁ ነው። 80 ሲልህ ከድሮው 80 በሦስት ኪሎ ሜትር ትፈጥናለህ። ከፋብሪካ ሲወጣ ስፒዶሜትር ትንሽ ከፍ አድርጎ ስለሚያሳይ ያንን መጠባበቂያ ነው የበላኸው። ትራፊክ ፖሊስ ግን ይህንን ሒሳብ ቁጭ ብሎ አይሰማህም።

የሐሙሲት መንገደኛ

እኔ ከዚህ ብሼ 17 ነበር ያሰርኩት። ጎማው 205/40፣ ጎኑ ስምንት ሴንቲ ሜትር ብቻ። ወደ ጎንደር ስሄድ ወረታ ሳልደርስ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ። ማታ ነበር፣ ዝናብም ነበር። ቸርኬው ተሰነጠቀ፣ የጎማው ጎን እንደ ዳቦ አበጠ። ስኮርታዬ (መጠባበቂያ ጎማዬ) ደግሞ 13 ነበረች! በአንድ በኩል አጎንብሼ ነው ባሕር ዳር የገባሁት። አንድ የጋሪ ፈረስ ቆሞ ያየኝ ነበር።

በ13 ብሆን «ጓ» ብሎ ያልፍ ነበር። ወፍራም ጎን ማለት ተጨማሪ ሞላ ማለት ነው። እኛ ሰፈር ኮብልስቶን ላይ 17ቱ ጥርስ ያንቀጫቅጭ ነበር። ሚስቴ በባጃጅ እሄዳለሁ ማለት ጀመረች።

ማማር ከፈለግክ 14 ግባ። 175/65R14። ቁመቱ 583 ነው፣ ከድሮው የሚለየው አንድ በመቶ አይሞላም። ቆጣሪ አይዋሽም፣ አይፈትግም። እኔ አሁን እሱ ላይ ነኝ። ለዓይን ከ16 ያንሳል፣ እውነት ነው።

የዳገት ጌታ

16 ሆኖ ጎኑ ቀጠን ያለ ጎማ ቢያደርግስ? 195/45 ምናምን። ቁመቱ ያው ይሆንለታል።

ጋሽ ካምቢዮ

ይሆናል፣ 582 ነው የሚመጣው። የማርሹ ነገር ይስተካከላል፣ ቆጣሪውም። ክብደቱ ግን ይቀራል፣ ጉድጓዱም ይቀራል። የሐሙሲቱ ሰው ያለውን አላነበብክም እንዴ? ክረምት ሲመጣ ውኃ የሞላው ጉድጓድና ጠፍጣፋ መንገድ ከላይ ሲታዩ አንድ ናቸው።

ባለሰማያዊዋ

ሁለት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ቤንዚን እስኪያልቅ መጠበቅ ነበረብኝ።

13ቱን መለስኳቸው። እሑድ ቤዛዊት ሄድን፣ እነዚያው ሁለት ልጆች፣ እዚያው ዳገት፣ ሁለተኛ ማርሽ። ወጣች። እንደ ጥንቱ እየዘለለች አይደለም፣ ግን ወደ አንደኛ አልመለስኳትም። ልጄ ምንም አላለም፣ እሱ ጉማሬ እየፈለገ ነበር።

30 ሊትሩ 414 አስኬደኝ። የቀረችው ስድስት ኪሎ ሜትር የዕድሜ ትሁን። መንቀጥቀጡ ሙሉ በሙሉ ጠፋ፣ መፈተጉም። የተቀየረው ካንዴላ ብር ግን አይመለስም።

መልኳ? ጎማ የተዋሰች ትመስላለች። አንድ ባልደረባዬ «ሸጥከው እንዴ ቸርኬውን?» ብሎ ከንፈሩን መጠጠልኝ። እህቴ ደግሞ ደስ ብሏታል።

16ቱ አራቱም መኝታ ቤት ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ሚስቴ እስከ ፋሲካ ጊዜ ሰጥታኛለች። ባለ አራት ቀዳዳ 14 ያለው ካለ፣ ልለውጠው እችላለሁ።

ጋሽ ካምቢዮ

ለሚወስድብህ ሰው ቀለበት እንደሌለው ንገረው፣ አንተ ላይ የደረሰው እንዳይደርስበት። የ13ቱን ዳዶዎች ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ከሄድክ በኋላ ድጋሚ አጥብቃቸው። በመስቀል አቅጣጫ፣ በእጅ መፍቻ። መፍቻውን ለማስረዘም ቱቦ ሰክተህ፣ ላዩ ላይ ቆመህ እንዳትዘልበት።