ጥቆማ፦ የሣር ማጨጃዬ ቺንጊያ ተበጠሰ፣ የቱን ልግዛ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። በራሱ ሞተር የሚሄድ የሣር ማጨጃ አለኝ። ጎማውን የሚነዳው ቺንጊያ ተበጠሰ። ጽሑፉ ተፍቆ ስለጠፋ ቁጥሩን ማንበብ አልቻልኩም። ቁራጩን ይዤ ስዞር አንዱ ሻጭ «ኤ48 ነው» አለኝ፣ ሁለተኛው «13 በ1220»፣ ሦስተኛው ደግሞ «4ኤል500» አወጣልኝ። ሦስት ቁጥር፣ ሦስት ዋጋ። ማንን ልመን? የቱንስ ትጠቁሙኛላችሁ?

መልስ

ወንድሜ፣ ሦስቱም ሻጮች ልክ ናቸው፤ ርዝመቱ አንድ ነው። የሚለያዩት ከየት እንደሚለኩ ነው። ኤ48 ማለት በውስጥ በኩል ዙሪያው 48 ኢንች ነው ማለት ነው። 13 በ1220 የሚለው ያንኑ በሚሊ ሜትር ይነግርሃል፦ ላይኛው ወርድ 13፣ የውስጥ ዙሪያ 1220። 4ኤል500 ግን የሚለካው በውጭ በኩል ነው፤ 50 ኢንች፣ ማለትም 1270 ሚሊ ሜትር። በዚህ ውፍረት ውስጡና ውጩ ወደ 50 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በውጭ ለክቶ 50 ኢንች ሲያገኝ ኤ50 ይገዛና ሁለት ኢንች የረዘመ ቺንጊያ ይዞ ቤቱ ይገባል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሻጮቹ የለኩት ያንን ቁራጭ መሆኑ ነው። ያረጀ ቺንጊያ ተስቧል፣ ጎኑም ተበልቷል። በዚያ ላይ ተበጥሶ ቀጥ ብሎ ሲዘረጋ የምታገኘው የውስጡንም የውጩንም ርዝመት አይደለም፤ መሀሉ ላይ ያለውን የክር ርዝመት ነው። ያ ደግሞ ከውስጡ ወደ 30 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፣ ከውጩ ወደ 20 ያንሳል። ስለዚህ ቁራጩን እንደ ፍንጭ ያዘው እንጂ እንደ ዳኛ አትቁጠረው።

ማሽኑን ራሱን ለካ። መጀመሪያ የካንዴላውን ገመድ ንቀል፤ ፑሊውን፣ ማለትም ቺንጊያው የሚያርፍበትን ባለ ቦይ ጎማ፣ በእጅህ ስታዞር ሞተሩ ቢነሳ ጣትህን ይወስደዋል። ከዚያ የማይለጠጥ ወፈር ያለ ገመድ ቺንጊያው በሚሄድበት መንገድ ሁሉ አዙር። ማጥበቂያው ፑሊ በሞላው (በስፕሪንጉ) ኃይል ከሚሄድበት ርቀት እኩሌታ ላይ ይሁን። ገመዱ ቀጭን ከሆነ የፑሊው ቦይ ግርጌ ድረስ ይሰምጥና አጭር ቁጥር ይሰጥሃል። ከከንፈሩ ጋር እኩል የሚቀመጥ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም የአዲስ ቺንጊያ ጀርባም እዚያው አካባቢ ነው የሚያርፈው። ያገኘኸው የውጭ ርዝመት ነው፤ ለ4ኤል እንዳለ ውሰደው፣ ለኤ ሁለት ኢንች ቀንስለት።

ወርዱን ደግሞ ካልተበላው የቺንጊያው ክፍል ላይ በካሊፐር ያዝ። 10 አካባቢ ከሆነ 3ኤል፣ 13 ከሆነ 4ኤል ወይም ኤ፣ 17 ከሆነ 5ኤል ወይም ቢ። 17 ላይ ስትደርስ ውፍረቱንም እይ፦ ቢ 11 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ 5ኤል ግን ከ10 በታች።

አሁን ወደ ምርጫው። እዚህ ላይ ነው ሦስቱ ዋጋ ትርጉም የሚኖረው፤ ርዝመታቸው አንድ ይሁን እንጂ ሥጋቸው የተለያየ ነው። ውስጡ ተራ የፖሊስተር ክር ያለው ቺንጊያ ለውሃ ፓምፕ ወይም ለወፍጮ፣ ሳይቋረጥ ለሚዞር ነገር፣ ጥሩ ነው። የሣር ማጨጃ ግን እጀታውን በያዝክና በለቀቅክ ቁጥር ቺንጊያውን እንደ ፍሪሲዮን ነው የሚጠቀምበት፤ ይላላል፣ ይንሸራተታል፣ ድንገት ይጠብቃል። ፖሊስተሩ በዚህ ቶሎ ይሳባል። ለዚህ ሥራ የአራሚድ ክር ያለውና ላዩ ሙሉ በሙሉ በጨርቅ የተሸፈነ ቺንጊያ ምረጥ። አራሚድ ኬቭላር የሚባለው የክር ዓይነት ነው። አይሳብም ማለት ይቻላል፤ ጨርቁ ደግሞ ሲላላ ያለ ችግር ያንሸራትተዋል። የጌትስ አረንጓዴው ፓወሬትድ የዚህ ዓይነት ነው፤ ሌሎች አምራቾችም ተመሳሳዩን ይሠራሉ። ስትገዛ ግን አታጣጥፈው። አራሚድ ክር በጉልበት ከታጠፈ ውስጡ ይሰበራል፤ ከላይ ምንም ሳይታይ በሳምንቱ ይበጠሳል። ሻጩ አጣጥፎ በጎማ አስሮ ካቆየው ሌላ ጠይቅ።

ውስጡ ጥርስ ጥርስ ያለውን፣ ጎኑ ያልተሸፈነውን ቺንጊያ ግን አልመክርህም። ለመኪና ዳይናሞ ግሩም ነው፤ ለዚህ ግን ከሚገባው በላይ ይነክሳል። እኔ አንዴ «ይሄ ይሻላል» ተብዬ ያን ገጠምኩ፤ ርዝመቱም አንድ ኢንች ያህል አጥሮ ነበር። እጀታውን ለቅቄ ቆሜ ሳለ ማሽኑ ቀስ እያለ ወደ ፊት ሄደና የአበባ መደቡ ውስጥ ገባ። ሣቅንበት፤ ስለቱ የሚዞር ቢሆን ኖሮ አንሥቅም ነበር።

ሌላ አስተያየት

እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። ከመለካት በፊት መመሪያ መጽሐፉ ላይ የመለዋወጫ ቁጥር ካለ እሱን ፈልጉ። አንዳንድ ፋብሪካ በመደበኛው ሰንጠረዥ መሀል የሚወድቅ ርዝመት ያሠራል። እና ስለ ተቀጣጣዩ፣ በቁራጭ በቁራጭ ተሠክቶ እንደልብ ስለሚያጥረውና ስለሚረዝመው ቺንጊያስ ምን ትላላችሁ?

መልስ

በቁጥሩ ነገር እስማማለሁ፤ ኦርጅናሉ ከተገኘ ሙግት የለም። ባይገኝ ግን ወንዝ የሚያሻግር አማራጭ አለ፤ ከማሽን ወኪል ይልቅ ኩሽኔታና ቺንጊያ ብቻ የሚሸጡ ሱቆች ክምችታቸው ሰፊ ነው፣ ዓይነቱንም ይለያሉ። የመኪና መለዋወጫ ሻጭ ጋ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጥህ ያንን ጥርሳሙን ነው። ተቀጣጣዩን ለመጋዝ ማሽን ወይም ለመቦርቦሪያ ማሽን እጠቀምበታለሁ፤ የሚላላና የሚጠብቅ ማሽን ላይ አልገጥመውም።

ጠያቂው

አመሰግናለሁ። ገመዱ 1268 ሚሊ ሜትር ሰጠኝ፣ ስለዚህ 4ኤል500 በአራሚድ ልፈልግ ነው። ግን ስለካ አንድ ነገር አየሁ፦ የትንሿ ፑሊ ቦይ ግርጌ እንደ መስታወት ያበራል። ችግር ነው?

መልስ

ችግር ነው። ቺንጊያ የሚይዘው በጎንና በጎኑ ነው፤ ግርጌውን መንካት የለበትም። ግርጌው ካበራ ወይ የድሮው ቺንጊያ ጎኑ ተበልቶ ሰምጧል፣ ወይ ፑሊው ራሱ አልቋል። አዲሱን ስትገዛ እሱኑ ቦዩ ውስጥ አስቀምጠህ ተመልከት፤ ጀርባው ከከንፈሩ በታች ከገባ ፑሊውን አስቀድመህ ቀይር፣ አለዚያ አዲሱም መጨረሻው ያው ነው። ስትገጥምም በካቻቪቴ እየፈለቀቅህ አታስገባው። ማጥበቂያውን አላላ፣ ሞላውን ንቀል፣ ቺንጊያው ከፑሊው አጠገብ ባሉት የብረት ጣቶች ውስጥ ማለፉን አረጋግጥ፣ ከዚያ ሞላውንና የካንዴላውን ገመድ መልሰህ እጀታውን ለቀህ ሞተሩን አስነሳና ማሽኑ ባለበት መቆሙን እይ።