ጥቆማ፦ ስኳርን ለመተካት ላሰባችሁ፣ ለጥርሳችሁ ዛይሊቶል

ጣፋጭ መተው ላቃታችሁ ሁሉ ዛይሊቶልን ልጠቁማችሁ። በፍራፍሬና በአትክልት ውስጥ በጥቂቱ አለ። ለሽያጭ የሚመረተው ግን ከበርች ዛፍ እንጨት ወይም ከበቆሎ ቆረቆንዳ ነው። ጣፋጭነቱ የስኳርን ያህል ነው፤ ምላስ ላይ ብቻ ቀዝቀዝ ይላል።

ጥርስን የሚቦረቡረው አፋችን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳር ተመግበው የሚያመነጩት አሲድ ነው። ከባክቴሪያዎቹ ዋነኛው ስትሬፕቶኮከስ ሙታንስ ይባላል። ዛይሊቶልን ስኳር መስሎት ያስገባዋል፤ ግን አይጠቅመውም። ጉልበቱን በከንቱ ይጨርሳል፤ አሲድም አይሠራበትም። ማር ግን ከዚህ አይመደብም። ተፈጥሯዊ ቢሆንም ባክቴሪያው እንደ ስኳር ነው የሚበላው።

ከሚሸጡት መካከል የእኔ ምርጫ ማስቲካው ነው። ከምግብ በኋላ ሲታኘክ ምራቅ ይጨምራል፤ ምራቁ ደግሞ አሲዱን ያጥባል። ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። ከይዘቶቹ መጀመሪያ ላይ ዛይሊቶል ከተጻፈ ውሰዱት። ሶርቢቶል (ሌላ የስኳር ምትክ) ቀድሞ ዛይሊቶል መጨረሻ ላይ ከሆነ ግን መጠኑ ትንሽ ነው ማለት ነው፤ እሱን እለፉት። ለጥርስ የሚመከረው በቀን ከ5 እስከ 10 ግራም ነው፣ ቢያንስ ለሦስት ጊዜ ተከፋፍሎ። አንድ ፍሬ ማስቲካ አብዛኛውን ጊዜ 1 ግራም ገደማ ወይም ከዚያ በታች ስለሚይዝ፣ በቀን አንዴ አኝኮ ብዙ መጠበቅ አይቻልም። ማኘክ ለማይችሉ ሕፃናት ማስቲካ አይሰጥም።

የጥርስ ሳሙና ስትመርጡ ፍሎራይድ ያለበትን ያዙ። ዛይሊቶል ቢኖርበት ጥሩ፣ ግን ፍሎራይድን አይተካም።

ለሻይ ከሆነ ስቴቪያም ይሆናል። ካሎሪ የለውም፣ ባክቴሪያውንም አይመግብም። መጨረሻ ላይ የሚተወው ምሬት ግን ለሁሉም አይስማማም። ኤሪትሪቶል ደግሞ ከዛይሊቶል ይልቅ ለሆድ ይቀላል፤ ጣፋጭነቱ ግን ያንሳል። ለኬክ ዛይሊቶልን በስኳሩ ልክ መጠቀም ትችላላችሁ። እርሾ ግን ስለማይመገበው ዳቦ አያስነሳላችሁም።

ከጥርስ ውጪስ? በግራም 2.4 ካሎሪ ነው ያለው፤ ስኳር 4 አለው። የደም ስኳርንም እምብዛም ከፍ አያደርግም። የስኳር ሕመም ያለባችሁ ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ብትጀምሩ ይሻላል። አብዝታችሁ ከወሰዳችሁት ሆድ ይነፋል፣ ተቅማጥም ያመጣል። በጥቂቱ ጀምሩ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት ደግሞ በደም ውስጥ ከፍተኛ የዛይሊቶል መጠን የተገኘባቸው ሰዎች ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ይበልጥ ተጋልጠው እንደታዩ ገልጿል። ምክንያቱ ራሱ ዛይሊቶል ነው ብሎ አላረጋገጠም። ቢሆንም ማስቲካው ይበቃል ባይ ነኝ፤ በማንኪያ እየዛቁ ምግብ ላይ ሁሉ መነስነስ አያስፈልግም።

ውሻ ያላችሁ፣ ማስቲካውን ውሻው የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ። ጥቂት ፍሬ እንኳ የውሻን የደም ስኳር በፍጥነት ያወርዳል፣ ጉበቱንም ሊጎዳ ይችላል። ከበላ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፤ ወዲያውኑ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።