አንድ ሴሚስተር አብራን የከረመችውን ልጅ እንዴት እንሸኛት?

የፔዳዋ፦
ሰላም ሰዎች እስቲ ምክር ስጡኝ። ከጀርመን ለአንድ ሴሚስተር ባሕር ዳር የመጣች ልጅ እኛ ግቢ ሰርቪሷን ተከራይታ ከመስከረም ጀምሮ አብራን ነው የከረመችው፣ ፋይናል ጨርሳለች፣ የካቲት 20 አካባቢ ትበራለች። ችግሩ ምን መሰላችሁ ሽኝት አልፈልግም አለች። መሰናበት አልችልበትም፣ ማልቀስ ይጀምረኛል፣ ጠዋት በጊዜ ባጃጅ ጠርቼ ዝም ብዬ ልውጣ ነው የምትለው። እማዬ ይሄን ስትሰማ ምን አስቀይመናት ነው ብላ እንቅልፍ አጣች፣ ጠላ ልጥመቅ ጎረቤት ልጥራ እያለች ነው፣ ለስንቋ ብላ ቅቤ አንጥራ በጆግ ሞልታ አስቀምጣለች። እኔ መሃል ላይ ነኝ። ስጦታስ ምን ይሻላል? ሻንጣዋ ትንሽ ነው

ሻንጣ ጠባቂው፦
መጀመሪያ ቅቤው ይቅር!! አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከውጭ የሚገባ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት አይፈቀድለትም፣ ጉምሩክ ካገኘባት ይወስደዋል፣ ቋንጣም ያው ነው። ሽሮ በርበሬ የተቆላ ቡና በዘይት የተሠራ ዳቦ ቆሎ ይበቃታል። በርበሬውን ሁለት ሦስት ፌስታል አድርጋችሁ እሰሩት አለዚያ ልብሷ ሁሉ በርበሬ በርበሬ እያለ ነው የሚደርሰው። ስጦታ ካላችሁ ጋቢ፣ ሻንጣ ውስጥ ቦታ ይበላል ግን ፕሌን ላይ ትለብሰዋለች፣ እዛ ደሞ አሁን ብርድ ነው። ጀበና ከሰጣችኋት በጋቢው ጠቅልላ በእጇ ትያዝ

ነገር አልወድም፦
አልፈልግም ካለች አልፈልግም ነው በቃ። ለምን ታስጨንቋታላችሁ፣ እኛ ሰው ስንሸኝ ከሐዘን ቤት አንለይም እኮ

ከርሞ የመጣ፦
ኧረ እንደሱ አይደለም ወንድሜ። እኔ ጀርመን አንድ ሴሚስተር ተምሬ ነው የመጣሁት እና የነሱን ስንብት አይቼዋለሁ። መጨረሻው ሳምንት ወረቀት ነው፣ ከተማው መዝገብ ቤት ሄደህ ለቅቄያለሁ ብለህ ስምህን ታስሰርዛለህ፣ የዶርም ክፍልህን አጽድተህ ምድጃውን ፈግፍገህ ታስረክባለህ፣ ሰውየው ጣቱን መደርደሪያው ላይ እየጎተተ አቧራ ሲፈልግ ቆሜ ማየቴን አልረሳውም። ጓደኞቼ ማታ ኪችን ውስጥ ሁሉም የሠራውን ይዞ መጣ፣ በላን ሳቅን፣ አንድ አንድ ጊዜ አቅፈውኝ ወደየክፍላቸው ገቡ፣ አለቀ። ጠዋት ባቡር ጣቢያ ብቻዬን ነበርኩ። ማንም አልበደለኝም፣ ልማዳቸው ነው፣ ግን የሚያየኝ ሰው ስላልነበረ ሄድኩም አላልኩም ነበር። ልጅቷ የፈራችው እናትሽን ሳይሆን ሕዝቡን ይመስለኛል፣ አሥራ ምናምን ጎረቤት ተራ በተራ እየሳመ ሲያለቅስባት እኔም ብሆን እሸሻለሁ። ስለዚ ጎረቤቱን ተዉት። ከመሄዷ በፊት ባለው ማታ እናንተ ብቻ ሆናችሁ ቡና አፍሉላት፣ ከአቦል እስከ በረካ ቁጭ ትበል፣ እናትሽ መንገዱን ጨርቅ ያርግልሽ ብላ ትመርቃት። ጠዋቱን ለባጃጁ ልቀቁላት፣ በር ላይ ተሰልፋችሁ አትጠብቋት። ለእሷም «ይሄ ለእናቴ ነው» ብለሽ ንገሪያት፣ እምቢ አትልም

የፔዳዋ፦
@ከርሞ የመጣ ይሄ ተመቸኝ። ለእናቴ ነው ስላት ዝም አለችና ስንት ሰዓት ነው አለችኝ 😂

የዘጌው፦
እኔ ልጨምር። ጀልባ ይዛችሁ ዘጌ ውሰዷት፣ ሳታየው አትቀርም ግን ከእናትሽ ጋር አላየችውም። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ናት እዛው ዘጌ ዑራ ገዳም ንግሥ አለ፣ እናትሽ ትሳለማለች ልጅቷም ሰው መሃል ስለምትሆን ሁሉም እሷን አያያትም። ደሴቱ ላይ ያለውን የክብራን ገብርኤል ገዳም አትሞክሩት ሴት አይገባም። ጢስ አባይም በዚ ወቅት ይቅርባችሁ ውሃው በበጋ ክር ነው የሚያክለው፣ የክረምቱን ፎቶ ያየ ሰው ያዝናል። መልስ ላይ የደንገል ታንኳ ትንሿን ከልጆቹ ግዙላት፣ ቀላል ናት

ሻንጣ ጠባቂው፦
ክሊራንስ ጨርሳለች ግን? እሱን መጨረሻ ቀን ላይ ካደረገችው ላይብረሪ ሂጂ፣ ዲፓርትመንት ሂጂ፣ ፈራሚው ስብሰባ ነው ሲሏት ቡናውም ዘጌውም ይቀራል። ግሬዷንም ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዛ ትሂድ፣ እዛ ያለው ዩኒቨርሲቲዋ ኮርሱን የሚቆጥርላት በሱ ነው፣ በኋላ በኢሜይል ማስላክ ፈተና ነው

የፔዳዋ፦
ላይብረሪ ቀርቷታል ነገ አብሬያት እሄዳለሁ። ቅቤውን እማዬ በግድ አመነች፣ ጀርመኖች ቅቤ ምን አደረጋቸው እያለች ነው። ጎረቤትም ቀርቷል። ግን ጠላው ተጠምቋል አንድ እንስራ ሙሉ፣ እሱን ምን እናርገው?

ነገር አልወድም፦
አድራሻ ላኪ