አስቸኳይ፦ አባቴ ቀይ ሥጋ ከጀመሩ ግፊታቸው ወጣ

ጠያቂ፦ እባካችሁ ቶሎ። ጾም ከተፈታ ሁለት ሳምንት ሆነ፣ ጮማ ትተው ቀይ ሥጋ ብቻ ነው የሚበሉት። ዛሬ ጠዋት 168/96! በጾሙ 138/84 ነበር። ሥጋውን ላስተዋቸው? ፕሮቲን የደም ሥር ያጠባል ይባላል።

ሸክላ ድስት፦ ማን ነው ያለሽ? 100 ግራም ጥሬ ቀይ ሥጋ ውስጥ ያለው ሶዲየም (ግፊት የሚጨምረው የጨው ክፍል) 60 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነው። በምን ነው የሚበሉት?

ጠያቂ፦ ጥብስ በአዋዜ። ማታ ቋንጣ ፍርፍር።

ቀልደኛው፦ በሬው ነፃ ይውጣ፣ አዋዜው ይታሰር 😂

ነጭ ጋዋን፦ እህቴ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮቲን ውስጥ ያለው አርጂኒን የሚባል ንጥረ ነገር ሰውነት ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል፤ እሱ ደም ሥር ያላላል እንጂ አያጠብም። በ2005 የወጣው የኦምኒሃርት ጥናት ከዕለቱ ካሎሪ 10 በመቶውን ከካርቦሃይድሬት ወደ ፕሮቲን ሲያዞር፣ ግፊት ያለባቸው ሰዎች የላይኛው ቁጥር በ3.5 ገደማ ወረደ። ግን ከፕሮቲኑ ግማሽ ያህሉ ከዕፅዋት ነበር። ስለዚህ ምስሩንና ሽሮውን ጾም ተፈታ ብላችሁ አትጣሉ።

ሸክላ ድስት፦ ቋንጣውን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፊና ውኃውን ድፊው። የሾርባ ኪዩብ ካለ አውጪው፣ ግማሽ ያህሉ ጨው ነው። የቀኑ ጨው በጠቅላላ ከ5 ግራም በታች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። በርበሬና ሚጥሚጣው ውስጥ ያለውም ይቆጠራል።

እማማ ጓዳ፦ ጨው ቀንሱላቸው።

ቀልደኛው፦ ተብሏል እኮ እማማ።

ፋርማሲ፦ ሁላችሁም ሥጋ ሥጋ ትላላችሁ፣ የአንድ ጠዋት ልኬት ብቻ ይዘን። ሽንታቸውን ይሽኑ፤ ከቡና በኋላ 30 ደቂቃ ይለፍ። ጀርባቸውን አስደግፈው፣ እግር ሳያጣምሩ 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ክንዳቸው ጠረጴዛ ላይ፣ በልብ ትክክል ይረፍ። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ለኪ። ለክንዳቸው የጠበበ የመለኪያ መጠቅለያ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ለጉልበት ሕመም ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ጀምረው ከሆነም ግፊት ይሰቅላል። የግፊት ኪኒናቸውን ራስሽ አትቀይሪ። 180/120 ሆኖ የደረት ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር ወይም የአፍ መጣመም ካለ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ሸክላ ድስት፦ በፖታሲየም የተሠራ ጨው ብትገዛላቸውስ?

ፋርማሲ፦ ኢናላፕሪል የሚባለውን የግፊት ኪኒን የሚወስዱ ወይም ኩላሊታቸው የደከመ ከሆነ፣ ሐኪም ሳይጠየቅ አይሆንም፤ ፖታሲየሙ ደም ውስጥ ተጠራቅሞ የልብ ምት ያዛባል። ጠያቂ፣ ምን መድኃኒት ነው የሚወስዱት?

ቀልደኛው፦ ቋንጣውን እየዘፈዘፈች ነው መሰል።

ፋርማሲ፦ ሁለተኛው ልኬት ስንት መጣ?