«ሪሎኬሽን» እና «ሪሴትልመንት»፦ ሁለቱንም «ሰፈራ» ማለት ይቻላል?

ጥያቄ፦
ለመንገድ ግንባታ ከይዞታቸው ስለሚነሡ ሰዎች የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ ሰነድ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «ሪሎኬሽን» እና «ሪሴትልመንት» በአንድ ገጽ ላይ እየተፈራረቁ ይመጣሉ። ሁለቱንም «ሰፈራ» ብላቸው የሚጎድል ነገር ይኖር ይሆን? ሰነዱ በስብሰባ ላይ ለተነሺዎቹ የሚነበብ በመሆኑ ስለ መብታቸው የተሳሳተ ግንዛቤ እንዳይዙ እሰጋለሁ።

መልስ 1፦
ስጋትዎ ተገቢ ነው። «ሪሎኬሽን» ቦታ መቀየርን ብቻ ይናገራል፤ ሰውም፣ መሥሪያ ቤትም፣ የመብራት ምሰሶም ሊዛወር ይችላል። በሥራ ማስታወቂያ ላይ አመልካቹ ወደ ሌላ ከተማ ለመዛወር ፈቃደኛ መሆኑ የሚጠየቀውም በዚሁ ቃል ነው። «ሪሴትልመንት» ግን እንዲህ ባለ ሰነድ ውስጥ ከዚያ በጣም ይሰፋል። የዓለም ባንክ ገንዘብ ለሚሰጣቸው ፕሮጀክቶች ካወጣቸው መመዘኛዎች አንዱ የሆነው 5ኛው የአካባቢና ማኅበራዊ ደረጃ፣ መኖሪያውን የሚያጣውን ብቻ ሳይሆን፣ ቤቱ ሳይነካ መሬቱን ወይም የገቢ ምንጩን የሚያጣውንም ሰው በዚህ ቃል ሥር ያስገባዋል። ቤቷ እንዳለ ሆኖ፣ በደጇ ቡና አፍልታ የምትሸጥበት ቦታ ለመንገዱ የተወሰደባትን ሴት ያስቡ። የትም አልሰፈረችም፤ የገቢዋ መቋረጥ ግን በሰነዱ ውስጥ አለ። «የሰፈራ ዕቅድ» ተብሎ ሲነበብ ብትሰማ «ይህስ እኔን አይመለከተኝም» ብላ ልትወጣ ትችላለች።

መልስ 2፦
በዚህ ላይ «ሰፈራ» የራሱ ትዝታ ያለው ቃል ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ብዙዎቹም ያለ ፈቃዳቸው፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ መተከል ተወስደዋል። ያንን ዘመን የሚያውቅ አዛውንት ቃሉን ሲሰማ ሌላ ነገር አያስብም። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የመሬት ይዞታ ስለሚለቀቅበትና ካሣ ስለሚከፈልበት ሁኔታ የወጣው የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 «ተነሺዎች መልሰው የሚቋቋሙበት» የሚል አነጋገር አለው፤ ስለዚህ እኔ ብሆን «ሪሎኬሽን»ን «ማዛወር»፣ «ሪሴትልመንት»ን «ተነሺዎችን መልሶ ማቋቋም» እለዋለሁ።

መልስ 3፦
በሁለተኛው መልስ እስማማለሁ፤ ነገር ግን አጠራሩ ለስደተኞች ጉዳይ አይሆንም። በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን አሠራር «ሪሴትልመንት» ማለት፣ ስደተኛው ከተጠለለበት አገር ሊቀበለው ወደ ተስማማ ሦስተኛ አገር ሄዶ ቋሚ መኖሪያ ማግኘቱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2015 እ.ኤ.አ. ጥገኝነት ጠያቂዎችን ከጣሊያንና ከግሪክ ወደ ሌሎች አባል አገሮች ለማከፋፈል ሲወስን የተጠቀመው «ሪሎኬሽን» በሚለው ነበር። እዚያ «ሦስተኛ አገር ማስፈር» ቢባል ትክክል ነው፤ በመንገዱ ሰነድ ላይ ግን «መልሶ ማቋቋም» ይሻላል።