ሐይቅ ዳር ባለው ግድግዳ ላይ ትልልቅ ዓይን ያላት ልጅ ትሳል ወይስ አትሳል?

የክርክሩ መነሻ፦ ሐዋሳ፣ የዓሣ ገበያ ባለበት አሞራ ገደል አካባቢ፣ በሕዝብ ግድግዳ ላይ በፖፕ ሱሪያሊዝም (ካርቱን መሰል ውበትን ከእንግዳ ነገርና ከፌዝ ጋር በሚያቀላቅል) ስልት የልጅ ምስል ይሳል ተብሏል። ጭንቅላቷ ትልቅ፣ ትከሻዋ ላይ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ፣ እቅፏ ውስጥ ጉሬዛ።

ሸራ ወዳድ፦ አልስማማም። ስልቱ በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከኮሚክስ፣ ከፓንክ ሙዚቃና ከመኪና ማስዋብ የወጣ ነው። ፌዙ የእነሱን የማስታወቂያ ዓለም ይመለከታል። እኛ ጋ ሲደርስ አሻንጉሊት ብቻ ይሆናል።

የሥዕል መምህርት፦ ወንድሜ፣ ትልቅ ዓይን ባዕድ ከሆነ ትልልቅ ዓይን ያላቸው መላእክት የተሳሉበትን የጎንደሩን የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ምን ልትለው ነው? አሻንጉሊት የሚያስመስላት የዓይኗ መተለቅ ብቻ አይደለም። ዓይን በተለምዶ የጭንቅላት ቁመት እኩሌታ ላይ ነው፤ በጣም ዝቅ ሲል ግንባሩ ይሰፋል፣ አፍና አፍንጫው ይኮማተራሉ፣ ፊቱ የጨቅላ ይሆናል። ትንሽ ብቻ ዝቅ ይበል፣ አፏም በልኩ ይቅር። የብርሃን ነጥቡ በእያንዳንዱ ዓይን አንድ፣ በአንድ አቅጣጫ። ሦስት አራት ሲበዛ ካርቱን ነው። ደግሞ ጠይም ቆዳን በነጭ ብቻ አታፍኩት፣ አመድ ይመስላል፤ ኦከር (ቢጫማ የአፈር ቀለም) እና ትንሽ ብርቱካንማ ይግባበት። ጥላውም በጥቁር ሳይሆን በጥቁር ቡኒና በሰማያዊ ድብልቅ።

ልስን ሠሪ፦ ስለ ዓይን ተከራከሩ፣ ግድግዳውን ግን ማን አየው? አዲስ ልስን 28 ቀን ገደማ ሳይደርቅ ከተቀባ ሲሚንቶው ቀለሙን ያቃጥለዋል። ሐይቅ ዳር ደግሞ እርጥበቱ ከመሠረት ጨው ይዞ ይወጣል፤ ነጭ ዱቄት ሆኖ ቀለሙን ከሥር ይገፋዋል። ስለዚህ ፊቷን ከፍ አድርጉ፣ የታችኛው 60 ሳንቲም ሥዕል የሌለበት አንድ ወጥ ቀለም ይሁን፣ ሲላጥ በቀላሉ ይታደሳል። ዘይት ቀለም አይሞከር፣ እርጥበቱን ያፍነዋል። አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን ቀለም) ቶሎ ስለሚደርቅ ለስላሳው የጉንጭ ሽግግር በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ ቀለሙን አቅጥኖ ደጋግሞ መደረብ ነው። የሚያበራ ሮዝ ቀለም ካለ ደግሞ ፀሐይ ቀድማ ትበላዋለች። ግድግዳው 4 በ3 ሜትር ከሆነ በ50 በ50 ሳንቲም ሲከፈል 48 አራት ማዕዘን ሳጥን ይወጣል፤ ንድፉንም እንዲሁ ከፍላችሁ ሳጥን በሳጥን አሻግሩ።

ሸራ ወዳድ፦ ይህ ሁሉ ጣጣ ካለው ሸራ ላይ ተስሎ ቤት ውስጥ ቢሰቀል አይሻልም? እንስሳቱንም እፈራለሁ። ለጉሬዛ የሰው እጅ ይሰጡታል፤ አውራ ጣቱ ጉጥ ብቻ ናት፣ የሚታየው አራት ጣት ነው። አባ ኮዳንም ላባ አልብሰው ሊያሳምሩት ነው።

የሥዕል መምህርት፦ እሱ ላይ እንስማማለን! መላጣ ራሱ፣ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለው ከረጢት፣ የዓሣ ሆድ ዕቃ የሚለቅመው ምንቃሩ ይቅሩለት። ለስላሳ ልጅና አስቀያሚ ወፍ ጎን ለጎን ካልቆሙ ስልቱ ምኑ ነው? ሸራው ግን ዓሣ ሊገዛ የመጣውን ሰው አያገኘውም።

ሸራ ወዳድ፦ እንግዲያው መጀመሪያ ንድፉ በ1 ለ10 ተሠርቶ ይታይ። አባ ኮዳው ካማረ ተቃውሞዬ እንዳለ ነው።