ክሪኬት ህንድና ፓኪስታን ላይ ለምን እንዲህ ነገሰ?

የሻርጃው፦
ሰላም ወገን፣ የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ። እዚህ ሻርጃ በእረፍት ቀን ጠዋት ባዶ ፓርኪንግ ሁሉ በፓኪስታንና በህንድ ልጆች ይሞላል፣ የቴኒስ ኳስ በኤሌክትሪክ ቴፕ ጠቅልለው፣ ከኋላ የለስላሳ ሳጥን አቁመው፣ ፀሐዩ አናት እስኪበሳ ድረስ ይጫወታሉ። አብሮኝ የሚሰራ ፓኪስታኒ ስለ ኳስ ሳወራው ዝም ብሎ ይሰማኛል፣ ክሪኬት ካለ ግን ስልኩን ከእጁ አይለቅም። ያን ሁሉ ህዝብ ይዘው ክሪኬት ላይ የሙጥኝ ያሉት እንግሊዝ ስለገዛቻቸው ብቻ ነው? እንግሊዝ እኮ ኳስም ይዛላቸው ነው የሄደችው

የጉለሌ ልጅ፦
ወንድሜ እንግሊዝ አመጣችው እንጂ ያነገሰችው እሷ አይደለችም። ኬንያም እኮ በእንግሊዝ ተገዝታለች፣ በ2003 የክሪኬት ዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍፃሜ ሁሉ ደርሳለች፣ ህዝቡ ግን ዛሬም ያው ኳስ ነው። ህንድ ላይ ነገሩን የቀየረው 1983 ነው። ያኔ ዌስት ኢንዲስ (የካሪቢያን ደሴቶች የጋራ ቡድን) በ1975ም በ1979ም ዋንጫውን የበላች፣ ማንም የማይደፍራት ቡድን ነበረች፣ ህንድ ደግሞ ለንደን ሎርድስ ስታዲየም ላይ ፍፃሜውን 183 ነጥብ ብቻ አስቆጥራ ሁሉም አለቀላት ሲል በካፒል ዴቭ አምበልነት ዌስት ኢንዲስን 140 ላይ አስቀርታ ዋንጫውን ወሰደች። ከዛ በፊት እኮ የህንድ ኩራት ሆኪ ነበር፣ ከ1928 እስከ 1956 ስድስት የኦሎምፒክ ወርቅ በተከታታይ! ሆኪ በ1976 ሞንትሪያል ላይ ወደ ሰው ሰራሽ ሜዳ ሲገባ ያንን ምንጣፍ የትኛው የድሃ ሰፈር ያነጥፋል? ክሪኬት ግን አንተ እንዳየኸው ነው፣ ቴፕና ሳጥን በቂ ነው።

ዶሃ ነኝ፦
በዚህ እስማማለሁ፣ አፍጋኒስታንን ደግሞ እዩ። እንግሊዝ በጦር ሞክራ ቅኝ ያላደረገቻት አገር ናት፣ ክሪኬቱን ይዘው የተመለሱት ፓኪስታን ስደተኛ ካምፕ ውስጥ ያደጉ ልጆች ናቸው። በ2024 የቲ20 (የአጭሩ ክሪኬት) ዓለም ዋንጫ ላይ አውስትራሊያን አሸንፈው ግማሽ ፍፃሜ ገቡ፣ እኔ እዚህ አብረውኝ የሚሰሩትን አፍጋኖች ያን ሰሞን ሳያቸው ደስታቸው ተጋባብኝ በእውነት።

ሰላም_ከሪያድ፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ ህንድ ሁሉ ክሪኬት ብቻ ነው ማለት ግን ልክ አይደለም። የኬረላ ሰዎች በኳስ ያበዱ ናቸው፣ በ2022 ዓለም ዋንጫ ወንዝ መሃል የሜሲንና የኔይማርን ግዙፍ ምስል አቁመው ነበር። ጎዋና ኮልካታም እንደዛው። ስለዚህ ስታወራ ከየትኛው ክፍለ ሀገር ነህ ብለህ ጀምር።

የሻርጃው፦
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም፣ ሆኪውን ጭራሽ አላውቅም ነበር። ግን ኳስም በቴሌቪዥን በየቤቱ እየገባ ለምን አልነጠቃቸውም?

የጉለሌ ልጅ፦
ብሩ ነዋ። ኳስ 45 ደቂቃ ሳይቆም ይሄዳል፣ ክሪኬት ግን በየ6 ውርወራው ስለሚያርፍ ለማስታወቂያ የተሰራ ነው ማለት ይቻላል። በ2008 የህንዱ የቲ20 ሊግ አይፒኤል ሲጀመር ደግሞ ጨዋታው ሦስት ሰዓት ገደማ ብቻ የሚፈጅ ሆነ፣ ሰው ከስራ ገብቶ እራቱን እየበላ ያየዋል፣ የዓለም ኮከብ ሁሉ ለክፍያው ብሎ ወደዛው ይጎርፋል። የክሪኬቱ ፊፋ የሆነው አይሲሲ ራሱ በ2005 ለንደንን ለቆ ዱባይ ነው የገባው፣ አጠገብህ ማለት ነው። ሻርጃ ስታዲየም ጨዋታ ሲኖር ያንን ፓኪስታኒ ይዘኸው ግባ፣ ህጉን ከሱ በላይ የሚያስረዳህ የለም።